የካርቶኑ ኬክ የቤት ኬክ እስኪሆን፦ የወጥ ቤት ሥራ ማስታወሻ

እሑድ፣ መስከረም 18

የወንድሜ ልጅ ጥቅምት 16 ክርስትና ትነሣለች። ሴት ልጅ የምትጠመቀው በ80 ቀኗ ስለሆነ ቀኑ ገና ስትወለድ ተቆጥሮ ታውቋል፤ እሑድም ኪዳነ ምሕረትም አንድ ላይ ገጥሞልናል። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስድሳ ያህል ሰው ይጠበቃል። ምግቡን ዘመድ ተከፋፍሎታል፤ ለእኔ የደረሰኝ ኬኩ ነው።

እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኬክ ማዘዝ ቀላል ነው። የወንድሜ ሚስት ግን "እባክሽ የቤት ይሁን" አለችኝ፤ አራስ የለመነችው ደግሞ እምቢ አይባልም። ችግሩ ጊዜ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ አለኝ፤ ሁሉን ነገር ከዱቄት ጀምሬ ለስድሳ ሰው ስጋግር አንዱ ትሪ ኩፍ ብሎ ሌላው እንደሚሰረጉድብኝ ካለፉት በዓላት አውቀዋለሁ። ስኳሩና ማስነሻው አብሮ ተቀላቅሎ በካርቶን የሚሸጠው የኬክ ዱቄት በዚህ በኩል ይታመናል፤ ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ እርሱን መነሻ አድርጌ የቤት ጣዕም እስኪይዝ ድረስ ልሠራበት ቆርጫለሁ። አራት ቅዳሜና እሑድ አለኝ።

ዛሬ ምንም ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ካርቶኑ ላይ እንደተጻፈው ጋገርሁ፤ የማሻሽለውን ለማወቅ መጀመሪያ ጉድለቱን መቅመስ ነበረብኝ። 432 ግራም ቢጫ የኬክ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ውኃ፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ ሦስት እንቁላል፣ ምድጃው 350 ዲግሪ ፋራናይት። ቀማሿ እናቴ ናት። አራሷን ልትጠይቅ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ወር ሆኗታል፤ ጥርስና ምላሷ ደግሞ ምንም አያልፋቸውም። ቁራሿን በሁለት ጣቷ ጫን አድርጋ አየች፣ አሸተተች፣ ጎረሰች፣ ዋጠች፣ ከዚያ ትንሽ ቆየች።

"አፍ ውስጥ ሲገባ ይጣፍጣል፤ ከዋጥሽው በኋላ ግን የልጆች ሽሮፕ ሽታ ይቀራል" አለችኝ።

ልክ ነበረች። ያ ሽታ ሰው ሠራሽ ቫኒላ ነው፤ ካርቶኑ ላይም በጥቃቅን ፊደል ተጽፏል። ሌሎቹን ጉድለቶች እኔ መዘገብሁ፦ ጣፋጭነቱ ጎልቶ ጨው የለሽ ይመስላል፤ ውስጡ እንደ ጥጥ ሳስቶ አፍ ውስጥ ወዲያው ይጠፋል፤ ዳር ዳሩ ጠቁሮ ደርቋል።

ማታ የካርቶኑን ጀርባ ደጋግሜ አነበብሁ። የመጀመሪያው ስም ስኳር ነው። ስም የሚቀመጠው በክብደት ቅደም ተከተል ስለሆነ በዚህ ካርቶን ውስጥ ከዱቄቱ ይልቅ ስኳሩ ይበልጣል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ስኳር ተሸክሞ ኬኩ የማይወድቀው ደግሞ ዱቄቱ ተራ ዱቄት ስላልሆነ ነው። የአሜሪካ የኬክ ስንዴ ዱቄት በአብዛኛው በክሎሪን የነጣ ነው፤ ክሎሪኑ የስንዴውን ስታርች ይለውጠውና ብዙ ውኃ፣ ብዙ ስኳርና ብዙ ቅባት እንዲይዝ ያደርገዋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይህ አሠራር አይፈቀድም። ከዚህ አንድ ነገር ተረዳሁ፦ ደረቁ ነገር በፋብሪካ ተለክቶና ተመጣጥኖ ያለቀ ነው። እኔ ነፃነት ያለኝ ካርቶኑ ከእኔ በሚጠይቀው በኩል፣ በውኃው፣ በዘይቱና በእንቁላሉ ላይ፣ እንዲሁም በእሳቱ ላይ ነው።

ሰኞ፣ መስከረም 19

ከሥራ ስመለስ በስምንት ዶላር የምድጃ ቴርሞሜትር ገዛሁ። ምድጃዬን 350 ላይ አድርጌ ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁት፤ ቴርሞሜትሩ 375 አሳየኝ። እዚህ ቤት በገባሁባቸው ስድስት ዓመታት የጋገርሁት ሁሉ ዳሩ የሚጠቁረው ለካ በዚህ ነው! ኬክ በጣም በጋለ ምድጃ ሲገባ ዳሩ ቶሎ ይረጋል፤ መሐሉ ግን ገና ፈሳሽ ስለሆነ ማደጉን ይቀጥላል፤ ጉብ ይላል፣ ይሰነጠቃል፣ መሐሉ እስኪበስል ዳሩ ይደርቃል። ከዛሬ ጀምሮ የምመራው በምድጃው ማዞሪያ ሳይሆን በቴርሞሜትሩ ነው። የምጋግረውም በ325 ይሆናል፤ በሴንቲግሬድ 163 ያህል መሆኑ ነው።

ቅዳሜ፣ መስከረም 24

ሁሉን ነገር በአንድ ቀን ብለውጥ የትኛው እንደጠቀመ አላውቅም። ስለዚህ አንዱን ካርቶን በሚዛን 216፣ 216 ግራም አድርጌ ለሁለት ከፈልሁትና ሁለት ትንንሽ ኬኮች ጎን ለጎን ጋገርሁ። የመጀመሪያው ላይ ውኃውን በሙሉ ወተት ብቻ ተካሁ። ሁለተኛው ላይ ውኃውን በወተት፣ ዘይቱንም በቀለጠ ለጋ ቅቤ።

በወተት ብቻ የተሠራው ፊቱ ደስ የሚል ወርቃማ ቀለም አወጣ፤ የወተቱ ስኳርና ፕሮቲን እሳት ሲያገኙ ይቀላሉ። ጣዕሙ ግን ብዙም አልተለወጠም። በቅቤ የተሠራው ገና ከምድጃ ሳይወጣ ቤቱን አወደው። እናቴ ሳሎን ሆና "ይሄኛው ነው" አለች፤ ሳትቀምሰው።

ችግሩ ከሰዓታት በኋላ መጣ። የቅቤውን ኬክ ግማሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጬ ነበር፤ ሳወጣው ጠንክሮ እንደ ቆየ ዳቦ ሆኗል። ቅቤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ዘይት አይረጋም፤ የካርቶን ኬክ በሦስተኛው ቀን እንኳ ለስላሳ የሚሆነው በዘይቱ ነው። ሌላም አለ፤ ቅቤ ሁሉ ቅባት አይደለም፣ እዚህ የሚሸጠው 80 በመቶው ያህል ነው ቅባቱ፤ የቀረው አብዛኛው ውኃ ነው። ስለዚህ ግማሽ በግማሽ እንዲሆን ወሰንሁ፦ ለአንድ ካርቶን 60 ግራም ቅቤና ሩብ ኩባያ ዘይት። ቅቤው ለጣዕም፣ ዘይቱ ለልስላሴ።

እሑድ፣ መስከረም 25

ዛሬ እርጎና አስኳል። በሦስቱ እንቁላል ላይ አንድ አስኳል ብቻውን ጨመርሁ፤ ነጩ ክፍል ሲበዛ ኬክን ያደርቃል፣ አስኳሉ ግን ቅባት ስላለው ውስጡን ያደልበዋል። ወተቱን ወደ 180 ሚሊ ሊትር ቀንሼ ግማሽ ኩባያ ወፍራም እርጎ አስገባሁ። ጨው ሩብ የሻይ ማንኪያ።

ጨው! ይህን ያህል ይሠራል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ያ ጎልቶ የነበረ ጣፋጭነት ወደ ኋላ አለ፤ ቅቤው ወደ ፊት መጣ። እርጎው ደግሞ የጥጡን ነገር አቃለለው፤ አሁን ቁራሹ በጣት ሲነካ ክብደት አለው፤ ሲጎረስም ወዲያው አይጠፋም። ሁለተኛ ሙከራ ላይ እርጎውን ወደ አንድ ኩባያ አሳድጌው ነበር፤ መሐሉ ሊጥ ሊጥ አለ፣ አልወደድሁትም። ግማሽ ኩባያ ይበቃል።

እናቴ ሁለቱንም ቀመሰች። "የመጀመሪያው። ሽሮፑ ግን ከሥር አሁንም አለ" አለች። ከዚያ እጇን እየታጠበች "ከነገ ጀምሮ አታስቀምሽኝ፤ የጽጌን ጾም እይዛለሁ" አለችኝ።

ረስቼው ነበር። የጽጌ ጾም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው፤ የፈቃድ ጾም ስለሆነ ብዙ ሰው አይጾመውም፤ እናቴ ግን አንድም ዓመት አልፏት አያውቅም። እንግዲህ ቀማሼን አጣሁ። በዚያ ላይ በክርስትናው ዕለት እርሷና ከእርሷ ጋር ጽጌን የሚጾሙ እናቶች ቅቤና እንቁላል ያለበትን ኬክ አይቀምሱም። የልጅ ልጇ ክርስትና ላይ አያት ኬክ ሳትቆርስ እንድትቀመጥ አልፈቅድም። የጾምም ኬክ ይኖራል ማለት ነው።

ረቡዕ፣ መስከረም 28

ዛሬ ጋገራ የለም። የዚህን ካርቶን ታሪክ ሳነብ አመሸሁ፤ ለሥራዬ የጠቀመኝን እጽፈዋለሁ።

በፒትስበርግ ከተማ ፒ. ደፍ እና ልጆቹ የሚባል የሞላሰስ ነጋዴ ኩባንያ ነበር። ሞላሰስ ሸንኮራ ተጨምቆ ስኳሩ ሲወጣለት የሚቀረው ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ ነው። ኩባንያው ሞላሰሱን ከስንዴ ዱቄት ጋር አድርቆ፣ ውኃ ብቻ የሚጨመርበት የዝንጅብል ኬክ ዱቄት ለማዘጋጀት እ.ኤ.አ. በ1930 የፈጠራ መብት ጠየቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ማመልከቻ አስገባ፤ በዚህኛው የደረቀው እንቁላል ወጥቶ የቤት እመቤቷ ትኩስ እንቁላል እንድትጨምር ሆነ፤ ሴቶቹ ትኩስ እንቁላል ይመርጣሉ ብሎ በጽሑፍ አስቀምጧል። መብቱን በ1935 አገኘ። ታላላቆቹ ኩባንያዎች የገቡበት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፦ ቤቲ ክሮከር በ1947፣ ፒልስበሪ በ1948፣ ደንከን ሃይንስ በ1951።

ብዙ ሰው የሚያወራው ሌላ ነው። በ1950ዎቹ ኤርነስት ዲክተር የተባለ የሥነ ልቡና ባለሙያ፣ ሴቶች ውኃ ብቻ መጨመር የጥፋተኝነት ስሜት እንዳሳደረባቸው ስለደረሰበት እንቁላሉ ለእነርሱ ተተወላቸው ይባላል። ዲክተር በእርግጥ ለኩባንያዎች እንዲህ ያለ ጥናት ያደርግ ነበር። እንቁላሉ ግን ከእርሱ ሃያ ዓመት ያህል ቀድሞ ከካርቶኑ ወጥቷል፤ ደግሞም ትኩስ እንቁላል ከደረቀው የተሻለ ኬክ ያወጣል። ሴቶቹ የመረጡት በምላሳቸው ነው ብዬ አምናለሁ። እኔም በዚህ ወጥ ቤት የምከተለው ያንኑ መንገድ ነው፤ ካርቶኑ ለእጅ የተወውን ቦታ በጥሩ ነገር መሙላት።

ሌላ የጠቀመኝ ነገር፦ ድሮ ካርቶኑ 517 ግራም ያህል ነበር። አሁን የያዝሁት 432 ነው፤ ከዚያም ያነሱ በመደርደሪያ ላይ አይቻለሁ። በቆየ ማስታወሻ ላይ "አንድ ካርቶን" ተብሎ የተጻፈ ሁሉ ለዛሬው ካርቶን ልክ አይሆንም። የምትጋግሩ ሰዎች ግራሙን እዩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1

የዛሬው ረጅም ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠው ቀንም ይህ ነበር።

ጠዋት ተሳሳትሁ። የሽሮፑን ሽታ ለመሸፈን የሚያስችል ጠንካራ መዓዛ ስፈልግ ዓይኔ እናቴ ከአገር ይዛ በመጣችው የንጥር ቅቤ ብልቃጥ ላይ አረፈ። 60 ግራም ለካሁና ከዘይቱ ጋር ቀላቀልሁት። ሊጡ ውስጥ ሲገባ ሽታው ደስ ይላል፤ ተጋግሮ ሲወጣ ግን ኮሰረቱ ሁሉን ውጦት ነበር። የጣፈጠ ክትፎ የበላሁ መሰለኝ። ትሪው ሙሉ በሙሉ ተበላሸ፤ ሦስት እንቁላልና አንድ ካርቶን ባከነ፤ አዝኜ ተቀመጥሁ።

እናቴ አልቀመሰችውም፤ አሽትታ ተረዳችው። "ልጄ፣ ይህ ለወጥ የተነጠረ ነው። ቅመም የሌለበትን ለጋ ቅቤ አምጪና እኔ አሳይሻለሁ" አለች።

113 ግራም ለጋ ቅቤ በነጭ መጥበሻ ላይ ጣልን። ነጭ መሆኑ ቀለሙን ለማየት ነው። ቀለጠ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ከዚያ መንጣጣት ጀመረ። እናቴ ከእሳቱ ላይ ዓይኗን አንሥታ ወደ መስኮቱ አየች፤ የምታዳምጥ መሆኗ ገባኝ። "አሁን ውኃው እየወጣ ነው። አትንኪው" አለች። አራት ደቂቃ ያህል ተንጣጣ። ቀስ በቀስ ድምፁ ሳሳ፣ እንደሚያባራ ዝናብ ጠብ ጠብ አለና አረፈ። "ውኃው አለቀ። አገር ቤት ቢሆን አሁን አወርደዋለሁ። አንቺ ግን የምትፈልጊው መቅላቱን ነው፤ ትንሽ ቆዪ።" ማማሰያውን ሰጠችኝ። መጥበሻው ታች የወረደው ነጭ ዝቃጭ መጀመሪያ ገለባ፣ ቀጥሎ ማር፣ ከዚያ የተቆላ ለውዝ መሰለ። ሽታውም እንዲሁ፤ የተቆላ ለውዝ ነው። "አሁን!" አለች፤ ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ሳህን ገለበጥሁት፤ መጥበሻው ላይ ቢቆይ ይጠቁራል። ንጥር ቅቤ ስናነጥር የምናስቀረው ያ ዝቃጭ ነው ለኬኩ የሚፈለገው፤ ጣዕሙ በሙሉ እርሱ ውስጥ ነው።

በሚዛን አየሁት፤ 113 ግራም የነበረው 91 ሆኗል። ቅቤ ሲነጠር እንደሚጎድል ሁሉም ያውቃል፤ ኬክ ላይ ግን የጎደለው ውኃ ከሊጡ ይጎድላልና በወተት ማካካስ ያስፈልጋል። ለአንድ ካርቶን 50 ግራም የቀላ ቅቤ አስገባሁና ወተቱ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨመርሁ።

ኮረሪማውን ያመጣችው እርሷ ናት። ብልቃጡ ውስጥ ካሉት ቅመሞች ለኬክ የሚሆነው እርሱ ብቻ ነው አለች። አራት ፍሬ ሰብረን ዘሩን በሙቀጫ አደቀቅነው፤ በወንፊት ነፋሁት፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ለካሁ። የአንድ ብርቱካን ልጣጭም ቢጫውን ብቻ ፍቄ ከስኳር ቁንጥር ጋር በጣቴ አሸሁት፤ ዘይቱ እንዲወጣ። እውነተኛ ቫኒላ ሁለት የሻይ ማንኪያ።

አሁን እኔ ራሴ ቀማሽ ነኝ። ዋጥሁና እንደ እናቴ ዝም ብዬ ጠበቅሁ። መጀመሪያ ቅቤው፣ ከዚያ ብርቱካኑ፣ መጨረሻ ላይ ኮረሪማው ብቻውን ቀረ። ሽሮፑን ፈልጌ አጣሁት። እናቴ በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ ኬኩ ቀስ ብሎ ተመለሰ። "በእጅ ጥሩ ነው" አለች። ከዚህ በላይ ልትል አትችልም፤ ጾም ላይ ናት።

እሑድ፣ ጥቅምት 2

አጭር ሙከራዎች። ከድሮው ካርቶን የጎደለውን ልሙላ ብዬ ግማሽ ኩባያ ተራ ዱቄት ጨመርሁ፤ ኬኩ ወደ ድፎ ዳቦ አዘነበለ። ተውሁት። ሲወጣ በስኳር ውኃ ቀባሁት፤ ከመጠን በላይ ጣፈጠ። ተውሁት። ሊጡን ካርቶኑ እንደሚለው ሁለት ደቂቃ በመምቻ ከምመታው፣ እርጎና እንቁላሉን ለብቻ መትቼ ደረቁን በማንኪያ እስኪዋሐድ ብቻ ባማስለውስ? ውስጡ ትንሽ ሸካራ፣ ቀዳዳውም የተለያየ መጠን ያለው ሆነ፤ የቤት ኬክ የሚመስለውም እንዲህ ሲሆን ነው። ይህን ያዝሁት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

የጾሙ ኬክ። ቢጫውን አልሞከርሁም፤ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ባዶ ይሆናል። ቸኮላት የራሱ ጠንካራ ጣዕም ስላለው እርሱን መረጥሁ።

መጀመሪያ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ካርቶን አነበብሁ። የወተት ዱቄት፣ አጓት፣ የእንቁላል ዱቄት የሚል ካለ ይቀራል። አጓት በብዙዎቹ ውስጥ የማይታሰብ ቦታ ላይ ተደብቆ አለ፤ ሁለት ካርቶን መለስሁ፣ ሦስተኛው ንጹሕ ነበር።

ብዙ ሰው የሚነግራችሁ ቀላል መንገድ አለ፤ አንድ ቆርቆሮ አምቦ ውኃ የመሰለ ጋዝ ያለበት ውኃ፣ 355 ሚሊ ሊትር፣ ከደረቁ ዱቄት ጋር ብቻ መቀላቀል። ሞከርሁት። ጋዙ ያነሣዋል፤ ትኩሱ ደስ ይላል። ማታ ላይ ግን የሚያያይዘው ነገር ስለሌለ ስቆርጠው ተፈረፈረ፤ አፍ ውስጥም ሙጫ ሙጫ አለ።

እንቁላል የሚያያይዘውን ምን ያያይዘው? እናቴ መልሱን ከመደርደሪያው አወረደችው፦ ተልባ። ተቆልቶ የተፈጨ የጾም ተልባ። ውኃ ሲነካው ምን እንደሚሆን አገር ያውቀዋል። ለአንድ እንቁላል አንድ የሾርባ ማንኪያ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውኃ፤ ለሦስት እንቁላል ሦስት ማንኪያ ተልባ በዘጠኝ ማንኪያ ውኃ አድርገን አሥር ደቂቃ ተውነው። ማንኪያው ሲነሣ እንደ እንቁላል ነጭ እየተጎተተ ወረደ። የተቆላ መሆኑ ደግሞ ለጣዕሙ በጀ፤ ከቸኮላት ጋር ይስማማል።

ከዚያ ቡናው። ቸኮላትን ከቡና በላይ የሚያጎላው ነገር የለም፤ መራራው መራራውን ይጠራዋል። እናቴ ከሰዓት በኋላ ቡና አፍልታ ነበር። አቦሉን ልወስድ ስል "አቦሉ ለሰው፣ ቶናው ለኬኩ" አለችኝ። ግማሽ ኩባያ ቶና አቀዘቀዝሁ፤ ትኩስ ከገባ ማስነሻውን ገና ሊጡ ውስጥ ይጨርሰዋል። ግማሽ ኩባያ ጋዝ ያለበት ውኃ፣ ሲሶ ኩባያ ዘይት፣ ቁንጥር ጨው።

ቆንጆ ሆኖ ወጣ። ጥቁር፣ እርጥብ፣ ሲቆረጥ ቢላው ላይ የማይቀር። እናቴ ሁለት ቁራሽ በላች። ሁለት ሳምንት ሙሉ በአፍንጫዋና በጣቷ ብቻ ስትረዳኝ ቆይታ ዛሬ በጥርሷ ቀመሰች። "ይህን ለእትዬ ሁሉ አድርሺ" አለች፤ የማኅበሯን እናቶች ማለቷ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14፣ ማታ

ሦስት ትሪ፣ እያንዳንዱ 23 በ33 ሴንቲ ሜትር። ሁለቱ ቢጫ፣ አንዱ የጾም። እያንዳንዱ 24 ቁራሽ ይወጣዋል፤ በጠቅላላ 72።

የቢጫው የመጨረሻ ልክ ይህ ነው፤ ለአንድ ካርቶን ለ432 ግራም፦ 180 ሚሊ ሊትር ሙሉ ወተትና አንድ የሾርባ ማንኪያ ተጨማሪ፣ ግማሽ ኩባያ ወፍራም እርጎ፣ 50 ግራም የቀላ ቅቤ ከነዝቃጩ፣ ሩብ ኩባያ ዘይት፣ ሦስት እንቁላልና አንድ አስኳል፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቫኒላ፣ የአንድ ብርቱካን ልጣጭ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ። ሁሉም ነገር ከማቀዝቀዣ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወጥቷል፤ ቀዝቃዛ እርጎ ቅቤውን ያረጋዋል፣ ሊጡም ይቋጠራል። ደረቁ ዱቄት በወንፊት ተነፍቷል። ምድጃው በቴርሞሜትሩ 325፤ አርባ ደቂቃ ያህል። ስንጥር ስሰካበት እርጥብ ፍርፋሪ ሁለት ሦስት ይዞ ሲወጣ አወጣሁት፤ ጨርሶ ንጹሕ እስኪሆን መጠበቅ ማድረቅ ነው፤ ኬኩ ከወጣ በኋላም በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል።

ከነገ ወዲያ ለሚበላ ኬክ ዛሬ መጋገሬ ሆን ብዬ ነው። ሁለቱንም ዓይነት በየቀኑ ቀምሻቸዋለሁ፤ በሁለተኛው ቀን ቅመሙ ይሰርጋል፣ ውስጡም ይረጋጋል። ከቀዘቀዘ በኋላ በላስቲክ ሸፍኜ ጠረጴዛ ላይ አሳደርሁት። ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ክሬሙን ከቆርቆሮ አልገዛሁም፤ እስካሁን የደከምሁበት ሁሉ ከላይ በተቀባ የቆርቆሮ ክሬም ይጠፋል። ለቢጫው ለጋ ቅቤ እስኪነጣ መትቼ፣ የተፈጨ ስኳር ጥቂት በጥቂት፣ ሁለት ማንኪያ ወተት፣ ቁንጥር ጨው። በጣም ስስ አድርጌ ቀባሁት። ለጾሙ ካካዎ፣ የተፈጨ ስኳርና ትኩስ ቡና፤ ሲፈስበት እንደ መስተዋት አበራ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ሕፃኗ በጥምቀቱ አለቀሰች፤ ከቁርባን በኋላ ተኛች። አዳራሹ ሞላ።

የጾሙ ትሪ ቀድሞ አለቀ። ይህን አልጠበቅሁም ነበር፤ የማይጾሙትም እየመጡ ከእርሱ ወሰዱ። ከእናቴ ማኅበር አንዲት እናት "ልጄ፣ በውስጡ እንቁላል እንደሌለ ማይልኝ" አሉኝ፤ ተልባውን ስነግራቸው እጄን ይዘው መረቁኝ። በቢጫው ኮረሪማውን ያወቁ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሌሎቹ "ምንድን ነው፣ የማውቀው ነገር አለበት" እያሉ ቀሩ።

ያወቀችብኝ አንዲት ሴት ናት፤ ዳቦ ቤት የምትሠራ። ጎርሳ፣ ቁራሹን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችና "ጣዕሙ የቤት ነው። ውስጡ ግን በጣም ደቃቅ ነው፤ ከሥሩ የካርቶን ዱቄት አለ" አለችኝ። አዎን አልኋት። በክሎሪን የነጣ ዱቄት የሚያወጣውን ያንን ደቃቅነት ማማሰያ ሊያሸክረው የሚችለው እስከ ተወሰነ ድረስ ነው። ለዕውቀቷ አከበርኋት፤ አሠራሩንም ሁሉ ነገርኋት፤ ሁለተኛ ቁራሽ ወሰደች።

እናቴ ከመቆረሱ በፊት ከቢጫው አንድ ቁራሽ ለይታ ነበር። ቤት ስንገባ ክሬሙን ጠርጋ፣ በላስቲክ ሁለት ጊዜ ጠቅልላ፣ በላዩ ፎይል አድርጋ በረዶ ቤቱ ውስጥ ከተተችው። ፎይሉ ላይ በእስክሪብቶ "ቁስቋም" ብላ ጻፈችበት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ዛሬ ቁስቋም ማርያም ናት፤ ጽጌ ትናንት አበቃ። እናቴ ኬኩን ሌሊቱን ከበረዶ ቤት ወደ ማቀዝቀዣ አውርዳ፣ ጠዋት ደግሞ ሳትገልጠው ጠረጴዛ ላይ አሳርፋው ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ቀርቦ ፈታችው። ሦስት ሳምንት በበረዶ ቆይቶም አልደረቀም።

በሁለት ጣቷ ጫን አደረገችው። አሸተተች። ጎረሰች፣ ዋጠች፣ ሲኒዋን ሳትነካ ዝም ብላ ቆየች። ያንን ዝምታ መስከረም 18 ቀን አይቼው ነበር፤ የምትፈልገው የሽሮፑን ሽታ ነው።

"ሄዷል" አለች። ቁራሹን ጨርሳ ፎይሉ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ በጣቷ ለቀመች፤ ከዚያ ቡናዋን አነሣች። "ኮረሪማው ግን ፈርተሽበታል።"

ማስታወሻው ላይ ሩቡን ሰርዤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብዬ ጻፍሁ።